ባጁ አነሰ ያልኩባቸው ዓመታት

ከሥራ የወጣሁ ዕለት ኬክ ገዝተው ጠበቁኝ። ኬኩ ላይ በክሬም ባጅ አሥለውበታል፤ ዙሪያውን ነጭ ከረሜላ ደርድረውበታል፣ ሉል መሆኑ ነው። ማናጀሯ ዲያን «እንዴት ነው?» አለችኝ። «ቆንጆ ነው» አልኳት። ጠርዙን ነው ያየሁት እንጂ መሐሉን አላየሁትም። መሐሉ ጭጋግ ነው። አጨበጨቡ፣ ቆረሱ፣ እኔም በላሁ። ሲበዛ ይጣፍጥ ነበር። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ይኼን ነው።

ይኼን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። እኛ ማዘን አያንሰንም። የምጽፈው ስለ ሥራው ነው። ዕድሜዬን የበላውን ሥራ እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨርና አውሮራ ያለ አበሻ አያውቀውም። ምን ትሠራለህ ሲሉኝ «ባጅ» እላለሁ። «የፖሊስ?» ይላሉ። የፖሊስ አይደለም።

እዚህ አገር ኮሌጅ የገባ ልጅ ማኅበር ይገባል። የወንዶቹ ፍራተርኒቲ፣ የሴቶቹ ሶሮሪቲ ይባላል። እንደኛ ጽዋ ማኅበር በሉት፤ ጻድቅ የለውም እንጂ መሐላ አለው፣ ምሥጢር አለው፣ ድግስ አለው። ስማቸው ሁለት ወይ ሦስት የግሪክ ፊደል ነው። አባል የሆነ ሰው በግራ በኩል ልቡ ላይ ትንሽ የወርቅ ባጅ ይሰካል። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። የእኔ ሥራ እሷ ላይ ሉል መደርደር ነበር።

ባጆቹ ላይ የራስ ቅል አለ፣ ሰይፍ አለ፣ የተገለጠ ዓይን አለ። አንድ ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይዞኝ «የሰይጣን ማኅበር ጌጥ ትሠራለህ አሉ። ያንን ዓይን የምትሠራው አንተ ነህ?» አለኝ። «ዓይኑን ሌላ ሰው ነው፣ እኔ ሽፋሽፍቱን ነኝ» አልኩት። እስካሁን ሰላም አይለኝም።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ፊደል ልቆጥር የኔታ ዘንድ ስሄድ፣ እናቶች መጥተው ከልጆቻችን አጠገብ አይቀመጥ አሉ። የኔታም «ወደ አባትህ ሂድ» አሉኝ። ሳላነብ አደግሁ። ሳላነብ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቼ ወለወልኩ። ሳላነብ ሱዳን ገባሁ፣ ሳላነብ ዴንቨር አረፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት እዚህ ነው፣ ጢሜ ሸብቶ፣ አውሮራ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናት ከሚያስተምር ዲያቆን ዘንድ። ሕፃናቱ በእንግሊዝኛ ይስቁብኝ ነበር። ከሀ ሁ በፊት የማውቀው የግሪኩን ነው፤ ስሙን ሳላውቅ ቅርጹን። አንዱ ድንኳን ይመስላል፣ አንዱ በዘንግ የተወጋ ዳቦ፣ አንዱ የፈረስ ኮቴ። በሉል እየደረደርኩ ነው የለመድኳቸው።

መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጠብኩ። ስለ እሱ የሚጻፍ የለም፤ አንሶላ አንሶላ ነው። ቀጥሎ ከዳውንታውን ወደ ሰሜን፣ የባቡሩ ሐዲድ አጠገብ፣ አንድ የባጅ ወርክሾፕ መወልወያ ክፍል ገባሁ። ደሞዙ ከሆቴሉ ትንሽ ይሻል ነበር። ሉል ደርዳሪዎቹ ከመስታወቱ ማዶ ይቀመጣሉ፤ አለቃቸው ዶይል የሚባል ሽማግሌ ነበር። ምሳው ሁልጊዜ ሰርዲን ነው። ሲስቅ አላየሁትም።

አንድ ቀን ጠራኝና ባጅ መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

«ላይኛው ጫፉ የቱ ነው?»

«አላውቅም።»

«ማንበብ አትችልም?»

«አልችልም።»

ያባርረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ባጁን ገለበጠው። «የሚያነብ ሰው ፊደሉን ያያል፣ መስመሩ ያመልጠዋል። ከሉሎቹ የተጣመመውን አሳየኝ» አለ። አሳየሁት። በማግስቱ ከመወልወያው አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ። እሱ ራሱ የጨረሰውን ባጅ ሁሉ ገልብጦ ነበር የሚያየው። እኔም ያን ወረስኩ።

ሉሉ ከጤፍ ከፍ፣ ከሰሊጥ ዝቅ ያለ ነው። በወረንጦ ከያዝከው ይፈናጠርና ወለል ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ሰም የተለጠፈበት ቀጭን እንጨት ትይዛለህ፤ ሰሙን በከንፈርህ ታሞቀዋለህ፣ ሉሉን ትነካዋለህ፣ ይጣበቃል። ትንፋሽህን ይዘህ መቀመጫው ላይ ታሳርፈዋለህ። ከዚያ ሉሉን ቆንጥጦ የሚይዘውን የወርቅ ጥፍር በትንሽ መግፊያ ወደ ሉሉ ታጎነብሰዋለህ። ካበዛህ ሉሉ ይፈርሳል። ካሳነስክ ልጅቷ ሹራብ ስትለብስ ክሩ ይነቅለዋል። ስንት መግፋት እንዳለብህ የሚነግርህ የለም፤ አውራ ጣትህ ነው የሚያውቀው። ይኼን ሁሉ ቀኝ ዓይንህን አጉሊ መነጽሩ ላይ ለጥፈህ ነው። ግራው ሥራ የለውም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ዶይል ሥራዬን ያነሳል፣ ይገለብጣል፣ «አስቀያሚ» ይላል። ከዚያ በወረንጦው ጫፍ ጥፍሮቹን ቀና ቀና አድርጎ ሉሉን ሁሉ ሳህን ላይ ያራግፈዋል። ከጠዋት ጀምሬ የደረደርኩትን። ምክንያት አይናገርም። ራስህ ፈልገህ ታገኘዋለህ። «ጥሩ ነው» ብሎኝ አያውቅም፤ ጥሩ ሲሆን ሳያራግፍ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ በቃ። እጠላው ነበር። አሁን ሞቷል ብዬ አላሳምረውም።

ሰኞ ሰኞ ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብረት ማስመሪያ ከመሳቢያው ያወጣና ፊታችን ያቆመዋል።

«ግራህን ዝጋ። ቀጥ ብሏል?»

«ብሏል።»

«ቀኝህን ዝጋ። ቀጥ ብሏል?»

«ብሏል።»

ሁላችንንም ያዳርሳል፣ መጨረሻ ላይ ራሱን። እንደ ሕፃን ያደርገናል ብለን እናጉረመርም ነበር። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሁለቱ ዓይኖች ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይደብቅለታል። ለየብቻ ካልጠየቅሃቸው አይነግሩህም» አለኝ።

ባጅ እንዴት እንደተለወጠ ያስተማረኝም እሱ ነው። ለጥገና መጥተው ባለቤት ያጣ አሮጌ ባጅ የሚያስቀምጥበት ሳጥን ነበረው፤ ቬልቬት ላይ በዕድሜያቸው ይደረድራቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ጋሻ። ወንዶቹ የሰዓት ሰንሰለታቸው ላይ ያንጠለጥሏቸው ነበር አለኝ። ሉል የላቸውም። ጥቁር የቀለጠ መስታወት ተቀብተው ሥዕሉና ፊደሉ በእጅ ተቀርጿል፤ የሁለት ሰው ቅርጽ አንድ አይሆንም። ቀጥሎ ያሉት ያንሳሉ፣ ደረት ላይ መሰካት ጀምረዋል። ከዚያ ሉሉ መጣ፣ ከሉሉ ጋር ሀብት መጣ። የደላት ዙሪያውን ሩቢ፣ የበለጠ የደላት አልማዝ፣ ሌላዋ ሉልና ኦፓል ተራ በተራ። ድንጋዩ እንደ አክሊል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አንድ ማኅበር ውስጥ ያሉ እህትማማቾች የአንዷ ባጅ ከሌላዋ አይገጥምም። ዶይል ያን ዘመን ነበር የሚወደው።

ኋላ ማኅበሮቹ ራሳቸው ይኼ ነገር ይብቃ አሉ። አንድ መጠን፣ አንድ ቅርጽ፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ። እኔ የደረስኩት በዚህኛው ነው። የእኔ ዕድሜ ደግሞ ሌላ አየ፤ ወርቁ ቅብ ሆነ፣ ኦፓሉ ፋብሪካ የሠራው ሆነ፣ ጥፍሩን ማሽን ይመታው ጀመር፣ ርካሾቹ ላይ ድንጋዩ በማጣበቂያ ተለጠፈ። ልጆቹም ፊደላቸውን በቲሸርት ለብሰው ይዞራሉ፤ ባጁን ለሥርዓት ቀን ብቻ ያወጡታል። በየጊዜው ያንሳል፣ ይቀልላል። ይኼን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ የሚመጣው ከዚህ ነው። ባጅ ሁልጊዜ የሚያንስ ነገር ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ዶይል እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማንም ሳይነግረው ተነሳ። አንድ ጠዋት ሉሉ ከሰሙ ላይ ወደቀበት፣ አነሳው፣ ደግሞ ወደቀ። እንጨቱን አስቀመጠ፣ ማስመሪያውን ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው፣ የሰርዲን ጣሳውን በኮቱ ኪስ ከትቶ ወጣ። ብዙም አልቆየ፣ ሞተ። ቀብሩ ላይ ከወርክሾፑ የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ። ዲያን አዲስ ማናጀር ሆና መጥታ «ሰኞ ጠዋት በማስመሪያ የሚባክነው ጊዜ ምንድን ነው?» አለች፣ ቀረ። እኔም አልተከራከርኩም። በዚያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የቀሩት እኔ ያስገባኋቸው ያገሬ ልጆች ነበሩ። ተስፋዬ የመርካቶ ልጅ ነው፣ አፉ አያርፍም፣ እጁ ግን ልስልስ ነው። ሚስት ሲያገባ ሽማግሌ ሆኜ የተላክሁለት እኔ ነኝ። አስቴር መወልወያው ላይ ናት፣ ወሬ አታበዛም። ከእነሱ መካከል ተነስቶ እኔን፣ ጋሽ ደምሴን፣ «ግራዎን ይዝጉ» የሚል ማን ይሆናል? ማንም።

ማሪዋና በሕግ ሲፈቀድ ከወለላችን በታች ያለው መጋዘን እሱን ማብቀያ ሆነ። ሽታው በወለሉ ይወጣል። ተስፋዬ በየጠዋቱ «ጋሼ፣ ዛሬ ሉሉ ሁለት ሁለት ሆኖ እየታየኝ ነው፣ ኦቨርታይም ይታሰብልኝ» ይላል። እንስቅ ነበር። ሥራው እየሞተ ነበር፤ በእጅ የሚደረደር ሉል የሚያዝዙ ማኅበሮች ጥቂት ቀርተዋል። እኛም ቢሆን ሥራው ሲሞት እየሳቅን ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ነው ባጁ ያነሰብኝ።

አንድ ቀን አዲስ ትዕዛዝ መጣ። አጉሊውን ለጥፌ ሳይ ሉሉ አንሷል፣ መቀመጫው አንሷል፣ የፊደሉ ቋሚ መሐሉ ላይ ጎብጧል።

«ተስፋዬ፣ ይኼን እየውማ። አሁንስ አበዙት። ደግሞ አሳነሱት።»

አንስቶ አየው። ቀና ብሎ አስቴርን አየ። «አዎ ጋሼ፣ አንሷል» አለኝ።

«ፊደሉም ተጣሟል። መምቻው ብረት አርጅቷል።»

«ያረጃላ ጋሼ። ምን የማያረጅ አለ።»

አስቴር የመወልወያ ሞተሯን አጠፋች። «ጋሽ ደምሴ፣ ዓይንዎን ከታዩ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«አስቴር!» አላት ተስፋዬ።

«ምን አልኩ?»

«ዓይኔ ደኅና ነው» አልኳት። «መኪና እነዳለሁ። ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ከፊቴ ያለውን መኪና ታርጋ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው። አንቺ ሞተርሽን አስነሺ።»

ውሸቴን አልነበረም። መንገድ ላይ ሁሉ ነገር ቀጥ ያለ ነው። ቤቴ በሩ ቀጥ ያለ ነው። ሥራ ጠረጴዛዬ ጋ ስቀመጥ ብቻ ነው የሚጎብጠው። ስለዚህ ጥፋቱ የባጁ ነው። ማንም ጤነኛ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ዲያን ዘንድ ሄጄ ጮህኩ። መለኪያ አምጥታ ለካችው፣ ያው የድሮው ልክ ነው። «መለኪያሽም ርካሽ ነው» ብያት ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ለሰው ሁሉ የማወራው ይኼን ሆነ፤ ዕቃው ወረደ፣ ሙያው ወረደ፣ አሜሪካ ወረደች። ተስፋዬ «ልክ ነዎት ጋሼ» ይለኛል። የእኔ ሥራ ግን ከጠረጴዛው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ይወጣ ነበር። የሚመለስ የለም። ዲያን የምስጋና ሰሌዳ ሰጠችኝ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ብደረድር ቀጥ ይልልኛል እያልኩ እኩራራ ነበር።

ከዚያ አንዲት አሮጊት መጡ። ሎውሪ፣ የድሮው አየር ኃይል ግቢ የነበረው ሰፈር፣ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ማርጆሪ ይባላሉ። ልጃቸው በዊልቸር እየገፋች ነው ያመጣቻቸው። ከመሐረብ ውስጥ ባጅ አወጡ። ዶይል ሳጥን ውስጥ ካየሁት በኋላ እንደዚያ ያለ አላየሁም፤ ሉልና ኦፓል ተራ በተራ፣ እንደ አክሊል ከፍ ያለ፣ እውነተኛ ወርቅ። አንድ ሉል ወድቋል፣ አንዱ ኦፓል ጥፍሩ ተሰብሮ ይንገዳገዳል። ከእሳቸው በፊት እናታቸው ያደረጉት ነው።

«ስሞት ደረቴ ላይ ይሰኩልኛል» አሉኝ። «ጎዶሎ ይዤ አልሄድም። ትችላለህ?»

«ከእኔ ሌላ የሚችል የለም» አልኳቸው። ያንጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር።

ተስፋዬ «እኔ ልያዘው ጋሼ፣ እርስዎ ትዕዛዙ በዝቶብዎታል» አለኝ። «አንተ ይኼን ነክተህ ታውቃለህ?» ብዬ ከፊቱ ወሰድኩት። ሉሉን ተካሁ። የኦፓሉን ጥፍር በወርቅ አስረዘምኩ፣ ሞረድኩ፣ አጎነበስኩ። ኦፓል ከሉል የባሰ ነው፤ ውስጡ ውሃ ያለው ድንጋይ ነው፣ ቂም ይይዛል። መግፊያው ትንሽ የተንሸራተተ መሰለኝ። ደጋግሜ አየሁት፣ ምንም የለውም። ለእኔ ያለው ጉብጠት ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ለምጄዋለሁ። አሮጌ ነው፣ ቢጎብጥ አይፈረድበትም አልኩ።

ባጁን በጨረስኩበት ዕለት፣ ምሳ ከመድረሱ በፊት፣ ማርጆሪ ሳይጠበቁ ደረሱ፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው፣ በመንገዳቸው ነው። ዲያን ቀጥታ ጠረጴዛዬ ድረስ አመጣቻቸው። ተስፋዬ ብድግ አለ።

«ገና ነው! ማጽዳት ይቀረዋል!» አላቸው በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ደግሞ «ጋሼ፣ አይስጧቸው፣ እባክዎ» አለኝ።

«ምን ይቀረዋል? አልቋል» ብዬ ሰጠኋቸው።

መስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘው ቆዩ። «ኦፓሉ ተሰንጥቋል» አሉ። ልጃቸው ጎንበስ ብላ አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። «ሉሉም ከመስመር ወጥቷል።»

«ባጁ ራሱ ነው የተጣመመው። አርጅቷል» አልኳቸው።

«ያረጀሁት እኔ ነኝ። ባጁ ቀጥ ያለ ነው።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ...»

«ተጣሟል ነው የምትለኝ? መሐሉ ላይ ነው የሚጎብጠው?» ቁጣቸው ጠፋ። ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ። «እህቴ የበሩ ጉበን ጎበጠ እያለች አናጢ ትጠራ ነበር። አናጢው ይለካል፣ ቀጥ ነው ይላል፣ ሰድባ ታባርረዋለች። ኋላ ታወረች። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ።»

ሌላ ኦፓል ልግጠምልዎ አልኳቸው። «ሌላውን ምን አደርገዋለሁ? ስምል ደረቴ ላይ የነበረው ይኼ ነው» ብለው በመሐረባቸው ጠቀለሉት። ልጃቸው ገፍታ ወሰደቻቸው።

መሳቢያውን ከፈትኩ። የዶይል ማስመሪያ ከሥር ነበር። ፊቴ አቆምኩት። ቀኜን ዘጋሁ፤ ቀጥ ያለ ነው። ግራዬን ዘጋሁ። ብረቱ መሐሉ ላይ እንደ እባብ ተጣጥፎ ወገቡ ጋ ጠፋ። ደግሜ አየሁት። ያው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

ተስፋዬ ወረንጦውን አስቀመጠ።

«ሥራዬ ይጣመም ነበር?»

«ጋሼ...»

«ይጣመም ነበር ወይ?»

«ምሳ ሲወጡ እናስተካክለው ነበር» አለ። «እኔ ሉሉን፣ አስቴር ውልወላውን። እርስዎ መኪናዎ ውስጥ ሲበሉ። ሁለት ዓመት አለፈው መሰለኝ።»

«አንሷል ስልህ አንሷል አልከኝ።»

«ምን ልበልዎ? አያዩም ልበልዎ? ለእኔ ሽማግሌ የሆኑኝን ሰውዬ? ዲያን ብትሰማ በማግስቱ አያሰናብትዎትም? እንጀራዎን በአፌ ላቋርጥ?» እያለቀሰ ነበር። «አክብሬዎት ነው ጋሼ።»

«ዶይል ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ያራግፈው ነበር» አልኩት። ሌላ የምለው አጣሁ። አስቴር ቁልፏን አንስታ «ይነሱ፣ ልውሰድዎት» አለች።

የአውሮራው ዓይን ሐኪም መስመር የተሰመረበት ካሬ ካሬ ወረቀት ሰጠኝና አንድ ዓይኔን አስዘጋኝ። የሰኞው ሥርዓት ነው፣ በብረት ፈንታ በወረቀት። ከዓይን ጀርባ ደም ሥር ይፈሳል፣ ቀጥ ያለውን ያጎብጣል፣ ነገር ያሳንሳል አለኝ። ሲጀምር ቢደረስበት በመርፌ ይያዝ ነበር። ቀኙ ላይ ጠባሳ ሆኗል፣ አይመለስም። ግራውም ጀምሯል።

«ምንም ምልክት አላየህም?» አለኝ።

«ባጁ ነው ያነሰው ብዬ ነበር» አልኩት። አልገባውም።

እስከ ኬኩ ቀን ድረስ ዕቃ ማሸጊያው ክፍል ሣጥን ስዘጋና ላስቲክ ስለጥፍ ቆየሁ። የማርጆሪ ልጅ ለዲያን ደውላ ነበር፤ እናቷ ማረፋቸውን፣ ባጁም ደረታቸው ላይ መሰካቱን ነገረቻት። ጎዶሎ ይዤ አልሄድም ያሉት ሴትዮ የተሰነጠቀ ይዘው ሄዱ። እኔ ከወጣሁ ወዲህ የእጅ ሥራው ጠረጴዛ ተነስቷል። ባጁን አሁን ኮምፒውተር ይሥለዋል፣ ሌዘር ይቀርጸዋል። ተስፋዬ ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። የአሁኑን ባጅ መልክ አልነግራችሁም፤ አላየሁትም። ከዚህ ወዲህ ስለ ባጅ የምለውን አትመኑኝ።

አሁን በየወሩ ዓይኔ ውስጥ መርፌ እወጋለሁ፣ ግራው ትንሽ እንዲቆይልኝ። የምታመላልሰኝ አስቴር ናት። ሸምግዬ ያገኘሁት ፊደል ከእጄ እየሄደ ነው። ሳይጨርስ ብዬ ይኼን በወፍራም እስክሪብቶ፣ ፊደሉን እንደ ለውዝ እያተለቅሁ ጻፍኩ። ጨርሼ መጀመሪያ ለተስፋዬ ሰጠሁት። ቤቴ መጥቶ ነበር፤ አሁንም ይመጣል፣ አሁንም ጋሼ ይለኛል። የመጀመሪያውን ገጽ አገላበጠ።

«እንዴት ነው?»

«በጣም ቆንጆ ነው ጋሼ። መጽሐፍ ይወጣዋል።»

ሁለተኛውን ገጽ ሲገልጥ አልሰማሁም።

ለአስቴር ክሊኒኩ በር ላይ ፓርክ አድርጋ ሳለ ሰጠኋት። ወረቀቱን ስታዞረው፣ ስትገለብጠው እሰማለሁ።

«አይነበብም» አለች። «ከግማሽ በታች መስመር መስመር ላይ ወጥቷል። ሦስት ቦታ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ነው የጻፉት፣ ወረቀቱ አልቋል። የሚነበበውም ልክ አይደለም፤ ጥፋቱን ሁሉ ተስፋዬ ላይ ነው የጣሉት። እኔም ነበርኩ። እኔ ነኝ የወለወልኩት። ያንን ይጨምሩ። ደግመው ይጻፉት።»

ወረቀቱን ጭኔ ላይ ጣለችው። የዶይል ሳህን ላይ ሉል ሲራገፍ የሰማሁ መሰለኝ።

ደግሜ ጻፍኩት። የዶይልን ማስመሪያ ወረቀቱ ላይ አጋድሜ፣ ጠርዙን በግራ ጣቴ እየዳሰስኩ፣ አንድ መስመር ስጨርስ ወደ ታች እያወረድኩት። ይኼ የምታነቡት ሁለተኛው ነው። አስቴር አይታ ምንም ሳትል ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች። ማስመሪያውን በዓይኔ ሳየው አሁንም እባብ ነው፤ በጣቴ ስዳስሰው ቀጥ ያለ ነው። የማምነው ጣቴንና አስቴርን ነው።